«ቅጣት» የተባለው ዱላ

«ሴትና አህያ ዱላ ይወዳሉ» የሚለውን ተረት ያልሰማ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም። ስንሰማው አንዳንዶቻችን ፈገግ እንላለን፤ አንዳንዶቻችን እናፍራለን። በውስጡ የታመቀውን ታሪክ ግን ቆም ብለን አንመረምረውም። ለመሆኑ ባል ሚስቱን የሚመታው በንዴት ነው? በመጠጥ ነው? ወይስ በችግር? ሁሉም የየራሳቸው ድርሻ እንዳላቸው አይካድም። ይሁንና የተናደደ ሰው አለቃውን አይመታም፤ ሰካራምም ዳኛ ፊት ይጠነቀቃል። ዱላው የሚያርፈው በተፈቀደበት ገላ ላይ ነው።

ፈቃዱስ ከየት መጣ? አንዱ ምንጭ አነጋገራችን ነው። ባል ሚስቱን «ደበደባት» ከማለት «ቀጣት» ማለት የተለመደ ነበር፤ ለልጅና ለአሽከር የሚነገረው ያው ቃል ነው። ቅጣት ካለ ደግሞ ጥፋት አለ ማለት ነው። ስለዚህም ሚስት ተደብድባ ወደ ወላጆቿ ቤት ስትሸሽ፣ ለዕርቅ የተቀመጡት ሽማግሌዎች አስቀድመው የሚጠይቁት «ምን አጥፍታ ነው?» ብለው ነበር። ባል ልክ አልፎ ከተገኘ ይገሠጻል፤ እሷም ታርቃ ትመለሳለች። የዱላው መጠን ይመዘን ነበር እንጂ ዱላው ራሱ ለዳኝነት አይቀርብም።

ዘመናዊው ሕግም ይህን ሥርዓት አልነቀለውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አደረገው። ሚስት ሕጋዊ በሆነው ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው፣ እሱም አካሄዷን እንዲመራና ከማን ጋር እንደምትገናኝ እንዲቆጣጠር ፈቀደለት። እርግጥ ነው፣ እንዳያስጨንቃትና እንዳይበድላት አስጠንቅቋል። ነገር ግን አንዱን መሪ ሌላዋን ተመሪ ካደረጉ በኋላ ወሰኑን የሚያሰምረው ማን ነው? የባልና ሚስት ክርክር የሚቀርበው ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበርና ጥያቄው ተመልሶ ወደ ጥንቱ ሸንጎ ገባ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በጋብቻ እኩልነትን አወጀ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ የባልን የበላይነት ሻረ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን የኃይል ድርጊት ለይቶ ጠራው።

ልብስ? በዚያው በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከመቶ ሴቶች 85ቱ፣ ወጥ ብታሳርር፣ ብትከራከር፣ ሳትነግረው ብትወጣ፣ ልጆቿን ችላ ብትል ወይም መኝታ ብትከለክል፣ ከእነዚህ ቢያንስ በአንዱ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው አሉ። የዓለም የጤና ድርጅት በ1994 ዓ.ም. በቡታጅራ አካባቢ ባስጠናው ጥናት ደግሞ ትዳር ከያዙት ሴቶች ግማሽ የሚሆኑት፣ 49 በመቶ፣ በዘመናቸው በባል እጅ ተመትተዋል። በ2008 ዓ.ም. ጥያቄው ሲደገም ድብደባውን ተገቢ ያሉት ሴቶች ወደ 63 በመቶ ዝቅ አሉ። ከወንዶቹ ግን እንዲህ ያሉት 28 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ከመቺው ይልቅ የምትመታዋ ለዱላው ጥብቅና መቆሟ ሊያስገርመን ይችላል። እኔ ግን እንዲህ አየዋለሁ፦ መሄጃ የሌላት ሴት ድብደባውን «ቅጣት» ብላ ብትጠራው ቢያንስ ምክንያት ያለው፣ ተጠንቅቃም ልታመልጠው የምትችለው ይመስላታል።

ሕጉ ተለውጧል። እኛ ግን ሌሊት ከጎረቤት የሴት ጩኸት ስንሰማ መጀመሪያ ወደ አፋችን የሚመጣው «ምን አጥፍታ ይሆን?» ከሆነ፣ ገና በድሮው ሸንጎ ተቀምጠናል።