የተማሪዎች ሲኒማ፤ ገንዘቡና ተቆጣጣሪው

በየትምህርት ቤታችን አንድ የተማሪዎች ክበብ ሲቋቋም መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ምን እንሥራ?» የሚል ነው። «ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ማንስ ይቆጣጠረዋል?» የሚለው ግን ብዙውን ጊዜ ጠብ ከተነሣ በኋላ ነው ትዝ የሚለን። ይኸው ጥያቄ በሌላ አገር እንዴት እንደ ተነሣና ምን እንዳስከተለ ለማየት፣ በአሜሪካ በአን አርበር ከተማ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የነበረውን የተማሪዎች ሲኒማ ታሪክ መርጫለሁ። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አስቀድመን መሣሪያውን እንመልከት። በሲኒማ ቤቶች ይሠራበት የነበረው ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም በቀላሉ በእሳት የሚያያዝ ስለ ነበር ልዩ ክፍልና የሠለጠነ ሠራተኛ ይፈልግ ነበር። ኮዳክ በ1923 ለገበያ ያወጣው ባለ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም ግን ቶሎ አይቀጣጠልም፤ ፕሮጄክተሩንም አንድ ሰው አንሥቶ ከክፍል ወደ ክፍል ሊወስደው ይችላል። ቀን ትምህርት የሚሰጥበት አዳራሽ ማታ ሲኒማ ቤት ሊሆን የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ምክር ቤት በ1950 «ሲኒማ ጊልድ» የተባለውን ክፍል አቋቋመ። አሠራሩ ቀላል ነበር። ተመልካቹ በር ላይ ትኬት ይቆርጣል፤ ከዚያ ገቢ የፊልሙ ኪራይ ይከፈላል፤ የተረፈውን ጊልዱ ዝግጅቱን አብረውት ካሰናዱት ሌሎች የተማሪ ማኅበራት ጋር ይካፈላል። እንግዲህ ይህ ሲኒማ መዋጮ የሚጠብቅ ጥገኛ ሳይሆን ሌሎችን የሚረዳ ነበር ማለት ነው። ፊልሞቹን የሚመርጡትና ሥራውን የሚመሩት ተማሪዎች ሲሆኑ፣ ከመምህራን መካከል አንድ አማካሪ ነበራቸው። በ1963 ጆርጅ ማኑፔሊ የተባለው የሥነ ጥበብ መምህር በዚሁ ጊልድ ድጋፍ የአን አርበር የፊልም ፌስቲቫልን ጀመረ።

ፈተናው የመጣው በጥር 1967 ነው። ጊልዱ ጃክ ስሚዝ በ1963 የሠራውን «ፍሌሚንግ ክሪቸርስ» የተባለ ፊልም በአርክቴክቸር አዳራሽ ሲያሳይ፣ የከተማው ፖሊስ ጸያፍ ነው በሚል ማሳየቱን አስቁሞ ፊልሙን ወሰደ። ሦስት ተማሪዎችና አማካሪያቸው የሆነው መምህር ተከሰሱ። ከብዙ ወራት በኋላ አንዲት ተማሪ በቀለለ ክስ ጥፋተኛነቷን ስታምን የቀሩት ክስ ተነሣላቸው። ጉዳዩ ግን በዚያ አላበቃም፤ በ1968 ፕሬዚዳንት ጆንሰን ኤብ ፎርታስን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት እንዲሆኑ ባጩ ጊዜ፣ ተቃዋሚዎቻቸው ይኸውን ፊልም በዋሽንግተን ለሕግ አውጪዎች አሳይተው እጩውን ለማጥላላት ተጠቀሙበት። እጩነቱም ተሰረዘ፤ በርግጥ ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩ።

እኔን የሚያሳስበኝ ፊልሙ መልካም ነበር ወይስ መጥፎ የሚለው አይደለም። ገቢው የማኅበሩ ሆኖ ሳለ ፍርድ ቤት የቆሙት አራት ሰዎች በየስማቸው ነበሩ። አማካሪ መምህር ስንባል የምንፈርመው ፊርማ ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ መገመት ይቻላል።

በትኬት የሚኖር ሲኒማ ያልወደደው ሰው አይገባም፤ ገንዘቡም በኪሱ ይቀራል። ሁሉም ተማሪ በግዴታ ከሚከፍለው ገንዘብ ሲደጎም ግን ነገሩ ይለወጣል። ይህ ጥያቄ በሌላው ትልቅ ዩኒቨርሲቲ፣ በዊስኮንሲን፣ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። በ1995 - 96 የትምህርት ዘመን እያንዳንዱ ተማሪ 331 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይከፍል ነበር። ከዚህ 80 ከመቶ ያህሉ ለጤና አገልግሎት፣ ለስፖርትና ለተማሪዎች ሕንፃ ጥገና ሲውል፣ የቀረው በተማሪዎች መንግሥት በኩል ለልዩ ልዩ ማኅበራት ይከፋፈላል። ስኮት ሳውዝዎርዝ የተባለ የሕግ ተማሪና ባልንጀሮቹ «ለማንቀበለው ሐሳብ ለምን እንከፍላለን?» ብለው በ1996 ከሰሱ። በመጋቢት 2000 የተሰጠው ፍርድ፣ ገንዘቡ የሐሳብ አድልዎ ሳይደረግ እስከ ተከፋፈለ ድረስ ዩኒቨርሲቲው ማስከፈል ይችላል የሚል ሆነ። አንድ ማኅበር በተማሪው ድምፅ ብልጫ ገንዘብ እንዲያገኝ ወይም እንዲከለከል የሚፈቅደውን ሥርዓት ግን ዳኞቹ በጥርጣሬ ተመለከቱት፤ ብዙኃኑ ያልወደደው ሐሳብም እኩል መታየት አለበትና።

ይህን ሳነብ ራሴ ሠልጣኝ ሳለሁ የነበረን የፊልም ክበብ ትዝ አለኝ። በየቅዳሜው በር ላይ የምናዋጣውን ብር አንድ ልጅ በጫማ ካርቶን ይይዝ ነበር፤ ደረሰኝ የለ፣ መዝገብ የለ። የሰመስተሩ መጨረሻ ላይ ሒሳቡ ጎደለ። ልጁ ይውሰድ አይውሰድ ያወቀ አልነበረም፤ እሱም ንጹሕ መሆኑን የሚያሳይበት አንዲት ወረቀት አልነበረውም። ክበቡ ፈረሰ፤ ልጁም ስሙ እንደ ጠፋ ተመረቀ።

ወደ አን አርበር እንመለስ። በ1970ዎቹ በዩኒቨርሲቲው አዳራሾች ብዙ የተማሪ ፊልም ማኅበራት እየተፎካከሩ ያሳዩ ነበር። ቪዲዮ በየቤቱ ሲገባ ትኬት የሚቆርጠው እየቀነሰ ሄደ፤ በትኬት ብቻ የሚኖር ሲኒማ ደግሞ ሌላ ምሰሶ የለውም። ፌስቲቫሉ ግን በ1980 ከዩኒቨርሲቲው ወጥቶ በከተማው ወዳለው ሚሺጋን ቲያትር ስለ ተዛወረ ተረፈ። ከክፍለ ግዛቱ መንግሥትም ድጎማ ያገኝ ነበር፤ በ2006 ግን አንዳንድ የምክር ቤት አባላት የሚያሳያቸውን ፊልሞች ተቃወሙ። ፌስቲቫሉ ድጎማው የፊልሞቹን ይዘት በሚገድብ ደንብ መታሰሩን በመቃወም በ2007 ክስ መሠረተ፤ ደንቡ በዚያው ዓመት ተሻሻለ፤ ክሱም ቀረ።