የሕዋስ ቀዳዳና ጣፊዎቹ

ረጅም ቁልቁለት የወረደ ሰው በማግሥቱ ጭኑን ያመዋል። በዐይን የማይታየው የጡንቻው ሕዋስ ሽፋን እዚህም እዚያም ተቀድዶ ነበርና። ሽፋኑ የስብ ድርብ ንጣፍ ነው፤ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሁለት መቶ ሺኛው እጅ ገደማ። ዳሩ ግን አብዛኛው ቁስለኛ ሕዋስ አይሞትም፤ በሰኮንዶች ወይም በደቂቃዎች ውስጥ ይጠገናል። ማን ጠገነው?

አሜሪካዊው ሉዊስ ሃይልብሩን ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የባሕር ጃርት የሚባለውን እሾሃማ ፍጡር እንቁላል እየቀደደ ይመለከት ነበር። ካልሲየም ባለበት ውኃ ውስጥ የተቀደደው እንቁላል በቀዳዳው አፍ ላይ አዲስ ሽፋን ያበጃል፤ ካልሲየም በሌለበት ግን ሆድቃው ፈስሶ ያልቃል። ካልሲየም ከሕዋስ ውጭ ያለው መጠን ከውስጡ በአሥር ሺህ እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ስለዚህ ሽፋኑ ሲቀደድ እንደ ጎርፍ ይገባል። ከታሪኩ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፦ ሕዋሱን ሊገድል የሚችለው ጎርፍ ራሱ የጠጋኞች የጥሪ ደወል መሆኑ።

እ.ኤ.አ. በ1994 የሪቻርድ ስታይንሃርት ቡድን በካሊፎርኒያ ባወጣው ጥናት፣ በሕዋሱ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ወደ ቁስሉ ሮጠው ከሽፋኑ ጋር እንደሚዋሐዱ አሳየ። እንግዲህ ጥገናው ጨርቅ እንደ መጣፍ ነው። (በባንክ መስኮት በፕላስተር የተለጠፈ ብር ስቀበል ለምውል ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም።)

ከጣፊዎቹ ሁሉ ሥራው ውብ ሆኖ የታየኝ አኔክሲን ኤ5 የተባለው ፕሮቲን ነው። ካልሲየም ሲደርሰው ከሽፋኑ ስብ ላይ ይጣበቃል፤ ሦስት ሦስት እየሆነም እንደ ሰሌን ተያይዞ የቀዳዳውን ጠርዝ ያጥራል፣ ቅዱም እንዳይሰፋ ይይዛል። በፈረንሳይ የቦርዶ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ይህን ፕሮቲን ያጡ የአይጥ ሕዋሶችን በሌዘር ወጉ፤ አልዳኑም። ፕሮቲኑን ከውጭ ሲጨምሩላቸው ዳኑ። ከስቡ መጣበቅ የሚችል፣ እርስ በርሱ ግን መያያዝ የማይችል የተለወጠ አኔክሲን ሲሰጧቸው ግን ምንም አልፈየደም።

ይህ የቤተ ሙከራ ወግ ብቻ አይደለም። ዲስፈርሊን የሚባለው ፕሮቲን በዘር የጎደላቸው ሰዎች በልጅነታቸው እንደ ልባቸው ይሮጣሉ፤ ብዙውን ጊዜ ከአሥራዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እግራቸው ይዝላል፤ ብዙዎቹም ውለው አድረው በተሽከርካሪ ወንበር ይሄዳሉ። እስካሁን ፈዋሽ መድኃኒት አልተገኘለትም። የአዮዋ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ዲስፈርሊን የሌላቸውን የአይጥ ጡንቻዎች ሲመረምሩ፣ ከረጢቶቹ ከተቀደደው ሽፋን ሥር ተከማችተው አገኟቸው። ጥገናው ደጃፍ ድረስ ደርሶ ነበር፤ አልተለጠፈም።