የፍሮህሊክ ሞገድ

የሆላንዱ ሊቅ ካመርሊንግ ኦነስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1911 በላይደን ከተማ ቤተ ሙከራው ባዜቃን በፈሳሽ ሂሊየም አቀዝቅዞ፣ የኤሌክትሪክን ጉዞ የሚገታው ጠባይ በ4.2 ኬልቪን ግድም በድንገት ሲጠፋ ካየ ወዲህ፣ ልዕለ አስተላላፊነት የተባለው ይህ ምሥጢር ሐተታ ሲበዛለት ፍካሬ ሳይገኝለት 46 ዓመት ኖረ።

ሊፈቱት ከተነሡት አንዱ ኸርበርት ፍሮህሊክ ነበር። በጀርመን አገር ከአይሁድ ወገን ተወልዶ፣ በ1933 ሂትለር ሥልጣን በያዘ ጊዜ በፍራይቡርግ ከነበረው መምህርነት ተሽሮ፣ አስቀድሞ ወደ ሌኒንግራድ፣ ቀጥሎም ወደ እንግሊዝ ተሰዶ፣ ከ1948 ጀምሮ በሊቨርፑል ወንበር ዘርግቶ ያስተምር ነበር። በ1950 የምሥጢሩ ሥር ኤሌክትሮኖች ከአቶሞች ንዝረት ጋር ያላቸው ቁርኝት ነው ሲል፣ በዚያው ዓመት በባዜቃ ላይ የተደረገው ምርመራ፣ የአቶሞቹ ክብደት ሲለወጥ ልዕለ አስተላላፊነቱ የሚገለጥበት ብርድም አብሮ እንደሚለወጥ አሳይቶ ቃሉን አጸናለት።

በ1954 ያሳተመው ጽሑፍ ግን ከዚህ ይልቅ ድፍረት ነበረው። አቶሞች በአንድ መስመር ብቻ ተደርድረው ቢታሰቡ፣ ኤሌክትሮኖቹ እኩል መሰራጨታቸውን ትተው እዚህ እየጠበቁ እዚያ እየሳሱ ሞገድ ይሠራሉ፣ አቶሞቹም ሞገዱን ተከትለው ከቦታቸው ይዛነፋሉ፤ እንግዲህ ሞገዱ በሙሉ ቢንሸራተት፣ በወረብ ጊዜ ካህናቱ እንደ አንድ አካል ሲወዛወዙ አንዱ ብቻውን ሊቆም እንደማይቻለው፣ ነጠላውን ኤሌክትሮን ከማኅበሩ ለይቶ የሚያሰናክል ነገር አይኖርምና፣ ኤሌክትሪክ ያለ አንዳች ኪሳራ ይጓዛል አለ። እንደርሱ በእንግሊዝ አገር የተጠጋው ጀርመናዊ ሩዶልፍ ፓየርልስ ግን በ1955 በታተመው መጽሐፉ ይህንኑ መዛነፍ ተንትኖ፣ ብረቱ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ይሆናል ወደሚል ተቃራኒ ፍጻሜ ደረሰ።

በ1957 ባርዲን፣ ኩፐርና ሽሪፈር የኤሌክትሮኖችን መጣመር ገልጠው ፍካሬውን ባወጡ ጊዜ፣ የፍሮህሊክ ቁርኝት መሠረት ሆኖ ሲጸና ሞገዱ ተተወ። በ1976 በኒዮቢየም ትራይሰሌናይድ ውስጥ በእርግጥ ሲንሸራተት ተገኘ፤ ነገር ግን በክሪስታሉ ያለው እንከን ስለሚይዘው ያለ በቂ ግፊት አይነቃነቅም፣ ሲነቃነቅም ኪሳራ አለበት። ያም ሆኖ ይህ ስሕተት ከብዙዎች ትክክለኛ መልስ ይልቅ ፍሬ ያፈራ ይመስለኛል፤ ሞገዱና ልዕለ አስተላላፊነቱ በአንድ ማደሪያ የሚፎካከሩ ሆነው መገኘታቸው ያስደንቃልና። በኒዮቢየም ዳይሰሌናይድ ሞገዱ በ33 ኬልቪን ይነሣል፣ ልዕለ አስተላላፊነቱም በ7.2 ኬልቪን ሞገዱ ሳይጠፋ ይከተላል፤ ክሪስታሉ ሲጨመቅ ፊተኛው ይደክማል፣ ኋለኛውም ጥቂት ይበረታል።

ቤድኖርዝና ሙለር በ1986 ባገኟቸው የመዳብ ኦክሳይዶች ዘንድ ስለዚህ ፉክክር ያለው ክርክር ጠነከረ። በ2012 በኤክስ ጨረር የተመረመረው አንዱ ወገናቸው፣ ልዕለ አስተላላፊነቱ ሲጀምር ሞገዱ እንደሚሳሳ፣ በማግኔት ኃይል ልዕለ አስተላላፊነቱ ሲዳከም ደግሞ ሞገዱ እንደሚበረታ አሳየ፤ ሆኖም ሞገዱ ባላንጣ ብቻ ይሁን ወይስ ለኤሌክትሮኖቹ መጣመር ረዳት፣ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙም።