የተጣለ ደም፦ ዘረኝነት እንደ ሕዝብ ጤና ጉዳይ



ዘረኝነት የሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን የሕዝብ ጤና ጥያቄም መሆኑን ለማሳየት የመረጥሁት ታሪክ ከቦሌ ይነሣል። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ እስራኤል ተጓጓዙ።

አምስት ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 1988 ዓ.ም.፣ ማአሪቭ የተባለው ጋዜጣ አንድ ምሥጢር ገለጠ። የእስራኤል የደም ባንክ ከኢትዮጵያ የመጡ ለጋሾችን ደም ከተቀበለ በኋላ ሳያሳውቃቸው ያስወግድ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኢየሩሳሌም በሚገኘው የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለተቃውሞ ወጡ፤ መንግሥትም በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይስሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ።

የባለሥልጣናቱ ምክንያት ኤች.አይ.ቪ. ነበር። ምክንያቱ ከንቱ ነው አልልም፤ ቫይረሱ በተያዙበት ሰሞን በምርመራ ላይታይ ስለሚችል ለጋሽን አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን የአንድ ሕዝብ አማካይ የእያንዳንዱ ሰው የምርመራ ውጤት አይደለም። ለጋሹ ስላሳለፈው ሕይወት ሳይጠየቅ በትውልዱ ተፈረደበት። ምሥጢራዊነቱም ሌላ ጉዳት አስከተለ፤ ደሙ በስውር የተጣለበት ሰው ነገ ስለ ክትባትም ሆነ ስለ ምርመራ የሚነገረውን በምን ልቡ ያምናል?

ጉዳዩ የእስራኤል ብቻ አልነበረም። በ1982 ዓ.ም. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ሄይቲያውያንና ከሰሐራ በታች ያሉ አፍሪካውያን ደም እንዳይለግሱ መክሮ ነበር፤ በኒው ዮርክ ታላቅ ሰልፍ ከተደረገ በኋላ ግን ምክሩ ተሻረ። በእስራኤል ደግሞ በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተወለደች የፓርላማ አባል፣ ፕኒና ታማኖ ሻታ፣ በዚያው በፓርላማው ደም ልትለግስ ብትቀርብ እንደ ማንኛውም ለጋሽ አልተስተናገደችም።

ይሁንና ጣታችንን ወደ ውጭ ብቻ አንቀስር። እነዚሁ ሰዎች በጎንደር ሳሉ፣ ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ በመሆናቸው፣ «ቡዳ» እየተባሉ ለጎረቤታቸው ሕመም ተጠያቂ ይደረጉ ነበር። በሽታን በዘር ላይ መለጠፍ በላቦራቶሪ አልተጀመረም።

ለፖሊሲ የሚተርፈን ትምህርት ሦስት ነው። መለኪያው የግለሰቡ ተጋላጭነት ይሁን፤ እያንዳንዱ ደም ይመርመር። ደንቡ በግልጽ ይነገር፤ የማይፈለግ ደም አይቀዳ። ደንቡ የሚነካው ማኅበረሰብም ደንቡ ሲወጣ በጉባኤው ይቀመጥ። ደም የሚያድነው ሰጪውም ተቀባዩም ባንኩን ሲያምኑት ነው።