ኦቶናና የወላይታ ዞን፡ የሕዝብ ብዛትና የመንገድ ትስስር

ኦቶና በወላይታ ሶዶ ከተማ የሚገኝ ሰፈር ሲሆን፣ ስሙ ከከተማው አልፎ በመላው ዞን የታወቀው በሆስፒታሉ ነው። ሆስፒታሉን የመሠረቱት የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሚሲዮናውያን ናቸው። በአሁኑ ወቅት የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ሆኖ ይሠራል፤ የአካባቢው ነዋሪ ግን ዛሬም የሚጠራው ኦቶና በሚለው ስም ነው።

ከሰሜን ኦሞ ተለይቶ በ1993 ዓ.ም ራሱን ችሎ የተዋቀረው የወላይታ ዞን፣ በ1999 ዓ.ም በተካሄደው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ 1 ሚሊዮን 501 ሺህ 112 ሕዝብ ነበረው። ከዚህ ውስጥ 761 ሺህ 579 ሴቶች ናቸው። የከተማ ነዋሪው 172 ሺህ 514 ብቻ ሲሆን፣ ይህም ከጠቅላላው 11 ነጥብ 5 በመቶ ያህል ነው። የዞኑ ስፋት ወደ 4 ሺህ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር በአማካይ 357 ሰው ይኖር ነበር። ለአርሶ አደር አካባቢ ይህ ከፍተኛ ጥግግት ነው። እንሰት፣ ጎደሬና ስኳር ድንች በጓሮ የሚመረቱበት ይዞታ ከአባት ወደ ልጅ በተላለፈ ቁጥር እየጠበበ በመምጣቱ፣ ወጣቱ ለወቅታዊ ሥራ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ይሄዳል። ችግሩ አዲስ አይደለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው የወላይታ የግብርና ልማት ድርጅት (ዋዱ) ከደጋው ነዋሪዎችን አንስቶ በቆላው፣ በአበላ አካባቢ፣ አስፍሮ ነበር።

ከ1999 ዓ.ም ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም፤ አራተኛው ቆጠራ በ2011 ዓ.ም ተራዝሟል። ስለሆነም በየዕቅዱ የሚጠቀሱት የቅርብ ዓመታት አኃዞች ትንበያዎች ናቸው። የሶዶ ከተማ ሕዝብ በቆጠራው 76 ሺህ 50 ነበር። በነሐሴ 2015 ዓ.ም የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሶዶ የአስተዳደርና የፖለቲካ መቀመጫ መሆኗ ሲታሰብ፣ ይህ ቁጥር ለበጀትም ሆነ ለመሠረተ ልማት ስሌት አስተማማኝ መነሻ አይደለም።

ሶዶ የመንገዶች መገናኛ ናት። በሰሜን በአረካ፣ በሆሳዕናና በቡታጅራ አድርጎ አዲስ አበባ የሚደርሰው መንገድ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በምሥራቅ በቦዲቲና በሐላባ አልፎ ሻሸመኔ የሚወጣው ሌላው መስመር ረዘም ቢልም፣ ከሐዋሳ ጋር ለመገናኘት አመቺ ነው። በደቡብ በሁምቦ በኩል ወደ አርባ ምንጭ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ በደቡብ ምዕራብ ደግሞ ወደ ሳውላ የሚወስድ መንገድ አለ።

በምዕራብ በኩል ያለው የሶዶ - ጪዳ መስመር ታሪኩ ለየት ይላል። ወላይታን ከዳውሮ፣ ከዚያም አልፎ ከጅማ ጋር የሚያገናኘው ይህ መንገድ ኦሞ ወንዝን ይሻገራል። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም የተመረቀው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ የሚያቁረው ውኃ የቀድሞውን ድልድይ የሚያጥለቀልቅ በመሆኑ፣ መንገዱ ተቀይሶ በአዲስ ድልድይ መተካት ነበረበት። ግድቡ ኃይል ለማመንጨት ቢሠራም፣ የሁለቱን ዞኖች መገናኛም ለውጧል።

ዋና ዋናዎቹ መንገዶች ይህን ያህል ቢስፋፉም፣ አብዛኛው ሕዝብ የሚኖረው ከእነርሱ ርቆ ነው። ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ የተካሄደው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ የጠጠር መንገድ ከዋና መስመሮች ጋር ለማገናኘት የታለመ ነበር። የአካባቢው ቀይ ሸክላማ አፈር ዝናብ ሲመታው ስለሚያዳልጥና ስለሚያጣብቅ፣ የውኃ መውረጃ ቦይና ቱቦ በየጊዜው ካልተጠረገ መንገዱ ይሸረሸራል፤ በክረምትም ተሽከርካሪ ማለፍ ይቸግረዋል። በዚህ ጊዜ የአርሶ አደሩ አቮካዶና ስኳር ድንች በአህያና በሸክም ወደ ገበያ ይወጣል። ምጥ የጠናባት እናት ደግሞ አምቡላንስ እስከሚደርስበት ስፍራ በቃሬዛ ተይዛ፣ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ካስፈለገም ወደ ኦቶና ትወሰዳለች።