ጊዜ ማጋራት (ታይም ሼሪንግ)

ታይም ሼሪንግ አንድ ኮምፒውተር ብዙ ሰዎችን ባንድ ጊዜ የሚያስተናግድበት ዘዴ ነው። በአማርኛ «ጊዜ ማጋራት» ቢባል ይስማማዋል። «መጋራት» ያላልነው ተጠቃሚዎቹ እርስ በርስ ስለማይደራደሩ ነው፤ ጊዜውን የሚያጋራቸው ማሽኑ ውስጥ ያለ ተቆጣጣሪ ፕሮግራም ነው።

በ1940ዎቹ ኮምፒውተር ያለው ዩኒቨርሲቲ ብርቅ ነበር። ተማሪው ፕሮግራሙን በሚበሱ ካርዶች ላይ አስፍሮ ለኦፕሬተሩ ያስረክብና እንደ ወፍጮ ቤት ተራውን ይጠብቃል። አንዲት ምልክት ከተሳሳተች እንደገና ወደ ሰልፉ ጭራ ነው። ጊዜ ማጋራት ከየጆንያው እፍኝ እፍኝ እየዘገነ ሁሉንም እንደሚፈጭ ወፍጮ ነው፤ ዙሩ ፈጣን ስለሆነ እያንዳንዱ ሰው ማሽኑ ለእሱ ብቻ የሚሠራ ይመስለዋል።

የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ፈርናንዶ ኮርባቶ በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ በ1954 ዓ.ም. ይህንን ሠርቶ አሳየ። እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን የዳርትመዝ ኮሌጅ ታሪክ ነው። ሚያዝያ 23 ቀን 1956 ዓ.ም. ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የኮሌጁ መምህራን የጆን ኬሜኒና የቶማስ ከርትዝ የጊዜ ማጋራት ሥርዓት ሥራ ጀመረ። ቤዚክ የተባለው ቀላል የፕሮግራም ቋንቋም የተወለደው ከዚሁ ጋር ነው። ተቆጣጣሪውን ፕሮግራም በመጻፍ የደከሙት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ነበሩ። ኬሜኒ ኮምፒውተሩ እንደ ቤተ መጻሕፍት ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ፈለገ፤ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪም ያለ ክፍያ ቴሌታይፕ (ከኮምፒውተሩ ጋር የተያያዘ የጽሕፈት መኪና) ፊት ተቀመጠ። ቆይቶም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በስልክ መስመር ከኮምፒውተሩ ጋር ተገናኙ።

ጉዳዩ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ያለችውን ቦንጋንም ይመለከታል። የቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ከአገሪቱ አራተኛ ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። በዙሪያው ከባድ ስሌት የሚሹ ሥራዎች ሞልተዋል፦ በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው የካፋ ባዮስፌር ደን የሳተላይት ምስል፣ በአርሶ አደሮች ማኅበር የሚሻሻለው የቦንጋ በግ የዘር መረጃ፣ የካፊኖኖ ቋንቋ የድምፅና የጽሑፍ ክምችት። አንዳቸውም ዓመቱን ሙሉ ማሽን አይዙም። እያንዳንዱ ትምህርት ክፍል የራሱን ውድ ማሽን ቢገዛ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈት ሆኖ ይቆማል፤ አንድ ጠንካራ የጋራ ማሽን ግን ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው እየዞረ ይውላል።

የማሽኑ ድርሻ የፕሮፌሰሮች ብቻ መሆን የለበትም። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ቀን ቀን ፕሮግራም ይጻፍበት፤ የደኑና የበጉ ረጅም ስሌት ሌሊት ይሥራ።