የቤተሰብ ጋሪ በራያ ቆቦ፡- መግዛት ወይስ ማሠራት?

በሰሜን ወሎ ዞን የሚገኘው የራያ ቆቦ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ ደግሞ የወሎ ደጋ ያዋስኑታል። ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ በኩል ወደ መቀሌ የሚያመራው አስፋልት መንገድም አቋርጦት ያልፋል። በዝናብ የሚለማው ማሽላና ጤፍ፣ በመስኖ የሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲም ከማሳ ወጥቶ አስፋልቱ ዳር እስኪደርስ ግን በሰው ትከሻ፣ በአህያ፣ በግመል ወይም በጋሪ መጓጓዝ ይኖርበታል።

ጋሪ ለአንድ አርሶ አደር ቤተሰብ ቀላል ወጪ አይደለም። የበሬ ሽያጭ ገንዘብ ወይም ብድር የሚጠይቅ በመሆኑ ምርጫው ከተሳሳተ ቤተሰቡ በሬውንም ጋሪውንም ሊያጣ ይችላል። ጥቅሙ በአንጻሩ ከፍተኛ ነው። አህያ በጀርባዋ ከምትሸከመው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጭነት መጎተት ትችላለች። የማሽላ አገዳ፣ የውኃ ጀሪካን፣ የምርት ጆንያ፣ አልፎ አልፎም በቃሬዛ ይወሰድ የነበረ ሕመምተኛ የሚጓጓዘው በዚሁ ጋሪ ነው።

ተሠርቶ የተጠናቀቀ የብረት ጋሪ መግዛት ጊዜ ይቆጥባል፤ ዋጋውም አስቀድሞ ይታወቃል። ችግሩ ብዙውን ጊዜ ለከተማ መንገድና ለፈረስ ታስቦ የተሠራ መሆኑ ነው። በወፍራም ላሜራና በአንግል ብረት የተሠራ አካል ገና ባዶውን ሳለ የእንስሳዋን ጉልበት ይሻማል። አዲስ ቀለምም ደካማ ብየዳን ይሸፍናል።

ሙሉ በሙሉ በቤት ውስጥ ከእንጨት መሥራት ደግሞ ርካሽ ቢመስልም እምብዛም አያዋጣም። ያለ ኩሽኔታ በእንጨት ላይ የሚሽከረከር ዘንግ ሰበቃው ከፍተኛ በመሆኑ ቶሎ ይበላል፤ እንስሳዋንም ያደክማል።

ለቆቦ ሜዳ የተሻለው መንገድ ሁለቱን ማጣመር ነው። ከአሮጌ ተሽከርካሪ የወጣ ዘንግ ከነኩሽኔታው፣ ቸርኬና ጎማ ይገዛል፤ የጭነት አልጋውና መጎተቻ እንጨቶቹ ግን በእንስሳዋ ቁመትና ስፋት ልክ ይሠራሉ። መጎተቻው ከባሕር ዛፍ ከሆነ ቢሰበር በቀላሉ ይተካል። ቸርኬው በአካባቢው በብዛት የሚገኝ የመኪና ዓይነት መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ጎሚስታ ዘንድ መለዋወጫ ይጠፋል። የባጃጅ ጎማ በዋጋ ቢያጓጓም አነስተኛ በመሆኑ በሆርማትና በጎሊና ወንዞች አሸዋ፣ በክረምትም በጥቁር አፈር ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል። በዚህ አካባቢ ሰፋ ያለና ቁመቱ ከፍ ያለ ጎማ ያስፈልጋል። የግራር እሾህ ስለማይቀርም ትርፍ ከመነዳሪ መያዝ የግድ ነው።

ሠሪውም ሆነ ገዢው ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋው ሚዛኑን ነው። ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ላይ ጭነቱ ወደ ኋላ ካደላ መጎተቻው ወደ ላይ ይነሳና የሆድ ማሰሪያው እንስሳዋን ያንቃታል፤ ከመጠን በላይ ወደ ፊት ካደላ ደግሞ ክብደቱ ጀርባዋ ላይ ያርፋል። ትክክለኛው ወደ ፊት በጥቂቱ ማድላት ነው። 200 ሊትር ውኃ የያዘ በርሜል ብቻውን 2 ኩንታል ስለሚመዝን ከዘንጉ ትይዩ መቀመጥ ይኖርበታል። መጎተቻ ማሰሪያውም ቀጭን ገመድ ሳይሆን በደረት ላይ የሚያርፍ ሰፊ ጠፍር፣ ከጀርባም ድብዳብ ያለው ቢሆን ቁስልን ይከላከላል። የቆሰለች አህያ ለሳምንታት ከሥራ ውጪ ትሆናለች፤ ጋሪውም ይቆማል።

ይህ ጉዳይ ብድር የሚያመቻቹ አካላትንም ይመለከታል። ቀደም ሲል የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ይባል የነበረውና እ.ኤ.አ. በ2022 ፀደይ ባንክ ሆኖ ሥራ የጀመረው ተቋም ለገጠር ቤተሰቦች አነስተኛ ብድር በማቅረብ ይታወቃል። ከየትኛውም ምንጭ የሚገኝ የጋሪ ብድር ጠፍሩን፣ ድብዳቡንና ትርፍ ከመነዳሪውን ካላካተተ ተበዳሪው በመጀመሪያው የጎማ መፈንዳት ገቢው ይቋረጣል፤ ዕዳው ግን ይቀጥላል። ክፍያው ከመኸር ወይም ከመስኖ ምርት ሽያጭ በኋላ እንዲሆን ማድረግም ጫናውን ያቃልላል።

በርካታ ጋሪዎችን በአንድ ጊዜ ገዝቶ ለማከፋፈል የሚያቅድ ጽሕፈት ቤት ሙሉውን ከመረከቡ በፊት አንዱን ጭኖ፣ በራሷ በአካባቢው አህያ አስጎትቶ፣ በእርጥብ ማሳና በአሸዋ ላይ ቢሞክረው ይመረጣል። በደረቅ ግቢ ውስጥ የሚደረግ ርክክብ የብየዳውን ጥንካሬም ሆነ የጎማውን ተስማሚነት አያሳይም።